ኑሯቸው ልዩ ልዩ ለሆነ ሠራተኞች ጥቅማ ጥቅም ስለ ማደላደል

ከአራዳ እስከ አምስት ኪሎ ባለው አሮጌ የንግድ ሰፈር ሱቅ ወይም ቢሮ ከከፈቱት ነጋዴዎች መካከል ለሠራተኞቹ ከደመወዝ ሌላ አንዳች ነገር የማይሰጥ ጥቂት ነው። አንዱ ምሳ ያበላል፤ ሁለተኛው በፋሲካ ዋዜማ ዶሮና ቅቤ ያድላል፤ ሦስተኛው የታመመውን ያሳክማል፤ ሌላውም ለልጆች ማስተማሪያ ይረዳል። ይህ ሁሉ መልካም ሥራ ነው፤ ገንዘብም ይወጣበታል። ይሁን እንጂ በዓመቱ መጨረሻ መዝገብ ሲመረመር ወጪው ከፍ ብሎ፣ የሠራተኛው ደስታ ግን ዝቅ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የዚህም ምክንያት ጥቅሙ የተመረጠው በሰጪው ኑሮ ልክ እንጂ በተቀባዩ ኑሮ ልክ አለመሆኑ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ይገለጻል። በአምስት ኪሎ አካባቢ፣ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ተማሪዎች በሚመላለሱበት ሰፈር፣ የጽሕፈት ዕቃና የትምህርት መሣሪያ ከውጭ አገር እያስመጣ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ ይባል። ዐሥራ ሁለት ሠራተኞች አሉት። ገንዘብ ተቀባይዋ የሰባት ወር ሕፃን ያላት እናት ናት። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ 57 ዓመት የሞላቸው፣ ከዚህም ውስጥ 21 ዓመት ሙሉ በዚሁ ቤት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ከሻጮቹ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው። ሦስቱ ሠራተኞች ደግሞ የጉራጌ አገር ልጆች ሆነው መስቀልን ከወላጆቻቸው ጋር ካላከበሩ ዓመቱ ዓመት አይመስላቸውም። የሒሳብ ጸሐፊው ወጣት ማታ ማታ ይማራል። ሾፌሩ ያረጁ እናቱንና አባቱን በጎጃም ይጦራል። ተላላኪው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና የሌሊቱ ዘበኛ፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ከተዛወሩት መካከል ስለ ሆኑ፣ ከደመወዛቸው ጥቂት የማይባለው በታክሲና በአውቶቡስ ያልቃል።

ነጋዴው ለጋስ ሰው ነው። ለሁሉም በየቀኑ ምሳ ያስቀርባል፤ ለፋሲካ ለእያንዳንዱ ዶሮ፣ እንቁላልና ቅቤ ይሰጣል፤ ታምሞ ደረሰኝ ላመጣም የሕክምናውን ይከፍላል። ነገር ግን ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ወጥ ቤቱ 55 ቀን የጾም ወጥ ብቻ ስለሚሠራ የማይጾሙትም አብረው ይጾማሉ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሥጋው በክርስቲያን የታረደ ስለ ሆነ ሁለቱ ሙስሊሞች ከትሪው ይርቃሉ። ረመዳን ሲገባ የእነርሱ ምሳ ወር ሙሉ ሳይበላ ይቀራል፤ ወጪው ግን በመዝገብ ላይ እንዳለ ነው። ስለ ፋሲካው ዶሮ እንኳ የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም፤ ዶሮዋ ሕይወት ያላት እስከ ሆነች ድረስ ሙስሊሙ ራሱ አርዶ ይበላታል። ቅር የሚለው የዶሮዋ ነገር ሳይሆን ዒድ ሲደርስ የሚያስታውሰው ሰው ማጣቱ ነው። እናቲቱ ምሳውን ትበላለች፤ ልጅዋን የምታስጠብቅበት ግን የላትም። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አሳባቸው ሁሉ ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሚጠብቃቸው ጡረታ ነው።

በዚህ መካከል የሒሳብ ጸሐፊው፣ የትምህርት ክፍያውን እከፍልልሃለሁ ወዳለው ሌላ ነጋዴ ቤት ሄደ ይባል። የሄደውም የትምህርት ቤት መክፈቻ በደረሰበት፣ ዕቃው ደረቅ ወደብ በገባበት በነሐሴ ወር ነው። ተተኪው የጉምሩኩን ወረቀት አያያዝ እስኪለምድ ድረስ ደብተርና እርሳስ የሞላው ኮንቴይነር የመጋዘን ኪራይ እየቈጠረ ይቀመጣል። ነጋዴው በዚያ ወር በወደብ ኪራይና በገበያ መዘግየት ያጣው ገንዘብ ለወጣቱ የማታ ትምህርት ከሚበቃው በላይ ይሆናል። የጥቅማ ጥቅም ነገር የቸርነት ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድ ጕዳይ መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ከደመወዝ ሌላ በዐይነት መስጠት ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ለአገልጋይ ቀለብና ልብስ፣ ለእንግዳም ድርጎ ይሰጥ ነበር። የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በነበረበት በዐፄ ምኒልክ ዘመን በሰፈሩ የሠፈሩት የህንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የዐረብ ነጋዴዎችም ሃይማኖታቸውና ቋንቋቸው የተለያየ ሠራተኞችን ያሠሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ለማን ምን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በጌታው ፈቃድ ብቻ ነበር። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ግን፣ ማለት የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቍጥር 210 ከወጣ ወዲህ፣ ነገሩ ሕግ ገብቶበታል። ከእርሱም በኋላ በ1968፣ በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. ሌሎች አዋጆች ተከትለው ወጥተዋል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1156 ለሁሉም ሠራተኛ የሚገባውን ዝቅተኛ መብት ወስኗል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚገኘው ለየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። በዚህ መሠረት 21 ዓመት ያገለገሉት የግምጃ ቤት ኃላፊ 26 ቀን አላቸው ማለት ነው። ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣታል፤ አባትም ሦስት ቀን ያገኛል። ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወሮች በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ይታሰባሉ። ጡረታውም በ2003 ዓ.ም. ለግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ ከተዘረጋ ወዲህ አሠሪው ከደመወዙ 11 ከመቶ፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ ማዋጣት ግዴታ ሆኗል። እነዚህ ለምርጫ የሚቀርቡ አይደሉም። የዓመት ፈቃዴን ትቼ ገንዘቡን ልውሰድ የሚል ሠራተኛ ቢገኝ እንኳ፣ ሥራ የሚለቅ ካልሆነ በቀር፣ ስምምነቱ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። የምርጫው ቤት የሚሠራው ከዚህ መሠረት በላይ ነው።

ለሠራተኛው የተወሰነ ዋጋ ሰጥቶ ከልዩ ልዩ ጥቅሞች የሚበጀውን ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ በአሜሪካ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶች ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የገቢ ሕግም በ125ኛው ክፍል ሥርዐት አበጀለት። አሜሪካኖች ካፌቴሪያ ፕላን ይሉታል፤ ሰው በካፌቴሪያ ሰሐኑን ይዞ ከተደረደረው ምግብ የወደደውን እንደሚያነሣ ማለት ነው። ስሙ ለፒያሳ ሰው እንግዳ ባይሆንም፣ ከካፌቴሪያ ይልቅ ለዚህ አገር ሰው ነገሩን የሚያስረዳው ዕቁብ ነው። በዕቁብ ሁሉም እኩል ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለት ግን ልጁን ለሚድርለት ወይም ዕቃ ለሚያስመጣው ባልንጀራው ተራውን ሊለቅለት ይችላል። መዋጮው አንድ ሆኖ ጊዜውና ግልጋሎቱ እንደየሰዉ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው ነጋዴ ሒሳብ መመለስ ይገባል። ምሳው ለአንድ ሰው በቀን 60 ብር፣ በወር 26 ቀን ቢታሰብ 1,560 ብር ነው፤ ለ12 ሰው በወር 18,720፣ በዓመት 224,640 ብር ይሆናል። የፋሲካው ስጦታ ለአንድ ሰው 2,000 ቢሆን 24,000 ብር ነው። ለሕክምና በዓመቱ የተከፈለው 48,000 ብር ነው ይባል፤ ከዚህም 40,000 ያህሉን የወሰዱት ሦስት ሰዎች ናቸው። ጠቅላላው 296,640 ብር ይሆናል። ብዙ ነጋዴ ይህን ድምር ደምሮት አያውቅም፤ ምሳው በወጥ ቤት ወጪ፣ ዶሮው በልዩ ልዩ ወጪ፣ ሕክምናው በሌላ ገጽ ስለሚጻፍ ሦስቱ አይገናኙም። የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ እነዚህን በአንድ ገጽ ማገናኘት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይመጣል። ጠቅላላውን 296,640 ብር ለ12 ቢያካፍሉት ለአንድ ሰው በዓመት 24,720 ብር ይደርሰዋል፤ ይህን ሰጥቶ ሁሉም የወደደውን ይምረጥ ማለት ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን ሕክምናው ከምርጫው ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ማን ይመርጠዋል? ጤነኛው ወጣት ትቶት ትምህርቱን ይመርጣል፤ የሚመርጡት ስኳር ወይም ደም ብዛት ያለባቸው፣ በዚያም ዓመት እንደሚታመሙ የሚያውቁ ብቻ ይሆናሉ። ቀድሞ የዐሥራ ሁለት ሰው ድርሻ ተሰብስቦ ለሦስት በሽተኞች ይበቃ የነበረው አሁን የሦስት ሰው ድርሻ ለሦስት በሽተኞች መሆን አለበት። ስለዚህ ዋጋው ይንራል፤ ዋጋው በናረ ጊዜ ከሦስቱ ሻል ያለው ይወጣል፤ ለቀሩት ሁለቱ ደግሞ ይብስባቸዋል። ጤነኛ የነበረው ወጣትም በዓመቱ መካከል በድንገት ቢታመም ምንም የለውም፤ ነጋዴውም ፊቱን አዙሮ ሊያልፈው አይችልምና ሁለተኛ ወጪ ያወጣል።

ይህንን ከኢንሹራንስ መጽሐፍ በፊት ዕድርተኛ ዐውቆታል። ለቅሶ የቀረበበት ሰው ብቻ የሚገባበት ዕድር ቢኖር አንድ ዓመት አይቆይም። ዕድር የሚጸናው ሞት ያልቀረበውም በየወሩ ስለሚከፍል ነው። አዲስ ገቢው መግቢያ እንዲከፍል የሚጠየቀውም በቤቱ ሕመምተኛ ሲኖር ሮጦ ገብቶ፣ ለቅሶው ሲያልፍ ሮጦ እንዳይወጣ ነው። ስለዚህ ሕክምና ከምርጫው ወጥቶ ለሁሉም እኩል የሆነ የጋራ መሠረት መሆን አለበት። ዐሥራ ሁለት ሰው ደግሞ ለአንድ ክሊኒክ ውል ጥቂት ነው፤ በአንድ ጎዳና ያሉ አምስት ሱቆች ተስማምተው 60 ሰው ይዘው ቢቀርቡ የሚያገኙት ዋጋ ሌላ ነው። ንግድ ምክር ቤቱ ለአባሎቹ ሊያስተባብር ከሚችላቸው ነገሮች ይህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ሕክምናው 48,000 ብር ተለይቶ ከወጣ በኋላ የቀረው 248,640 ብር ነው። ለ12 ሰው ሲካፈል ለአንዱ በዓመት 20,720፣ በወር 1,726 ብር ከሳንቲም ይሆናል። ነጋዴው 1,700 ብር ብሎ ቢቈርጠው፣ ወጪው በዓመት 244,800 ብር ሆኖ 3,840 ብር ለመዝገብና ለወረቀት ይተርፈዋል። አንድ ብር እንኳ ሳይጨምር ማለት ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ 1,000 ብሩን ለሕፃን ማስጠበቂያ፣ 700 ብሩን ለመጓጓዣ ታደርገዋለች። ጸሐፊው 1,700ውን በሙሉ ለትምህርት ያውለዋል፤ በዓመት 20,400 ብር ነው። ሁለቱ ሻጮች ዐሥራ አንድ ወር ምሳውን ወስደው የረመዳኑን ወር ድርሻ ለዒድ ያስተላልፉታል። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ወሩ በየዓመቱ እንደሚቀድም ሒሳብ ያዡ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ምሳውን የሚመርጡት ቍጥር ሲያንስ ወጥ ቤቱን ጠብቆ መኖር እንደማያዋጣም አስቀድሞ ይታይ፤ ስድስት ሰው ብቻ ከቀረ ከጎረቤት ምግብ ቤት ጋር በኩፖን መዋዋል ይሻላል። የጾሙም የፍስኩም ነገር በዚያው ይቃለላል።

በዋጋ እኩል የሆነ ጥቅም ሁሉ በእጅ ሲገባ እኩል አለመሆኑን ግን ማወቅ ያሻል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከደመወዝ ሌላ የሚሰጠውንም ጥቅም በገቢ ቈጥሮታል። አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፍለውን እውነተኛ ወጪ ከግብር ነፃ አድርጎታል። አሠሪው ለጡረታ ወይም ለፕሮቪደንት ፈንድ የሚያዋጣውንም እስከ ወር ደመወዙ 15 ከመቶ ድረስ ነፃ አድርጎታል። ነፃ የተደረገው የሠራተኞች ምግብ ግን ለማዕድን፣ ለፋብሪካና ለእርሻ ሥራ እንጂ ለንግድ ቤት አልተጠራም። የግምጃ ቤት ኃላፊው ደመወዛቸው 12,000 ብር ቢሆን፣ 11 ከመቶው በግዴታው ጡረታ ስለሚያዝ በነፃ ሊጨመርላቸው የሚቻለው 4 ከመቶ፣ ማለት 480 ብር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ግብር ይነካዋል። ስለ መጓጓዣም እንደዚሁ ወሰን አለው። እያንዳንዱ ምርጫ ከወረቀቱ ላይ ሲጻፍ ግብሩ ከጎኑ ይጻፍ፤ ሠራተኛው በሰኔ የመረጠውን በሐምሌ ደመወዝ ተቈርጦ ሲያገኘው እንደ ተታለለ እንዳይቈጥረው።

ገንዘብ የማይጠይቅ ጥቅምም አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ ሠራተኛ ከገንዘብ ይልቅ የሚመኘው ይህን ነው። የመደበኛው ሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኖ፣ ሥራው የሚጠይቅ ሲሆን የአንዱን ቀን አሳጥሮ በሌሎቹ ቀኖች ላይ፣ በቀን ከሁለት ሰዓት ሳይበልጥ ማደላደልን ይፈቅዳል። ተማሪው ማታ በጊዜ ቢወጣ ጧት በጊዜ ሊከፍት ይችላል፤ ዓርብ ቀትር ላይ መስጊድ የሚሄደው ሻጭ ሲመለስ ለጎደለው ሰዓት ያመሻል። ከዳር የሚመጡት ደግሞ ሰልፉ ሳይበዛ ቀድመው ቢወጡ ይመርጣሉ። ይህ የሚሆነው ሱቁ ሰው ሳያጣ ሲሆን ነው።

ትልቁ ችግር ያለው በመስከረም ነው። ለጽሕፈት ዕቃ ነጋዴ የዓመቱ ገበያ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው፤ መስቀል ደግሞ መስከረም 17 ቀን ይውላል። ሦስቱ የጉራጌ ልጆች ባንድነት ፈቃድ ሲጠይቁ ነጋዴው ከለከላቸው እንበል፤ አንዱ ታመምኩ ብሎ ይቀራል፤ ሁለቱ ቅር ተሰኝተው ይውላሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ምናልባት የሉም። ለሁሉም ፈቀደ እንበል፤ በትልቁ ገበያ ሱቁ ሰው ያጣል። ሕጉ የፈቃድ ፕሮግራም የሚያወጣው አሠሪው ሆኖ የሠራተኛውን ፍላጎትና የሥራውን አካሄድ እንዲያመዛዝን ያዛል፤ ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማም ፈቃዱ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ በግንቦት ሁሉም የሚፈልገውን ጊዜ ይጻፍ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ባንድ ቀን ላይ ሲጋጭ በዕጣ ይለይ፤ ዘንድሮ ዕጣው ያልወጣለት የከርሞው ቀዳሚ ይሁን። ጥምቀትን የሚያከብረው ለዒድ ቀን ሱቅ ቢጠብቅ፣ ሙስሊሙም ለመስቀል ሰሞን ቢቆምለት፣ ሁለቱም ወደው እስከ ሆነ ድረስ የሚጎዳ የለም። ሁለቱም በዓላት የሕዝብ በዓል በመሆናቸው ግን በዚያ ቀን የሠራ በሕጉ መሠረት ጭማሪ ክፍያው ይታሰብለታል፤ መለዋወጥ ክፍያውን አይሽረውም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው በቅን ልብ ለሙስሊሞቹ ይህን፣ ለክርስቲያኖቹ ያን፣ ለሴቶቹ ሌላ ብሎ ራሱ ቢደለድል ከሕግ ጋር ይጋጫል፤ አዋጁ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በመሰለው ሁሉ በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ከልክሏል። ለዐሥራ ሁለቱም የሚሰጠው ወረቀት አንድ ዐይነት ይሁን፤ የመረጡበት ምክንያትም አይጠየቅ። ሕፃን ማስጠበቂያን አባትም ሊመርጠው ይገባል። ክርስቲያኑም የአንድ ወር ምሳውን ወደ ገና ላስተላልፍ ቢል ይፈቀድለት።

ከጥቂቱ ድርሻቸው ለመቈጠብ የሚመርጡ ከበዙ የቍጠባና ብድር ማኅበር ማሰብ ይቻላል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የቍጠባና ብድር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋሙት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው። ዐሥራ ሁለት ሰው ለብቻው ማኅበር ለማቆም አይበቃምና እዚህም ጎረቤት ያስፈልጋል።

ምርጫው በሰኔ ተሞልቶ ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ሰኔ 30 ቀን መጽናት አለበት። በየወሩ ልለውጥ የሚል ከተፈቀደለት ሒሳብ ያዡ ሌላ ሥራ አይሠራም። ልጅ ለተወለደለት፣ ላገባ፣ ወይም ከባድ ሐዘን ለደረሰበት ግን በመካከል እንዲለውጥ በር መተው ተገቢ ነው። ይህ ሁሉ በሥራ ደንቡ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ይጻፍ፤ በዓመቱ መካከል የሚቀጠርም ከቀረው ወር ልክ ያገኛል።

በዓመቱ መካከል ስለሚለቅም ማሰብ ያስፈልጋል፤ ይልቁንም ስለ ትምህርት ክፍያ። ትምህርት ቤቱ ክፍያውን በመንፈቅ አስቀድሞ ስለሚቀበል ነጋዴው በመስከረም 10,200 ብር ከከፈለ ጸሐፊው ገና የሦስት ወር ድርሻውን፣ 5,100 ብር ብቻ አገልግሎ የስድስት ወሩን ወስዷል። በጥቅምት ቢለቅ ልዩነቱ ከመጨረሻ ደመወዙ ይቀነስ ማለት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ፣ ሠራተኛውም በጽሑፍ ካልተስማማ ከደመወዝ መቀነስ አይፈቀድም። ስምምነት ቢኖርም በአንድ ወር ከደመወዙ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ የጽሑፉ ስምምነት ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በሰኔ፣ ከምርጫው ወረቀት ጋር አብሮ ይፈረም። የሁለተኛው መንፈቅ 10,200 ብርም ጸሐፊው በሥራ ላይ መሆኑ በጥር መጨረሻ ታይቶ፣ ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ ተከፍሎ ደረሰኙ በነጋዴው መዝገብ ይቀመጥ።